አፕዴት ላይ የቀረ አሮጌ ኮምፒውተር፦ «ፎርማት አድርጊው» ከማለትህ በፊት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኛ ገና በሩን ሳያልፍ የሚለኝ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አፕዴት ሲያደርግ ቆየና እምቢ አለ። በቃ ፎርማት አድርጊው።» የኔም መልስ ያው ነው፦ አቦ፣ ቀስ በል! ፎርማት በእርግጠኝነት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያለህን ያጠፋል። ችግሩን ለመፍታቱ ግን ማንም ዋስ አይሆንህም።

አፕዴት ብቻውን ማሽን የሚጥልበት ጊዜ አለ። እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ግን ጥቂቱ ነው። አፕዴት ለአሮጌ ኮምፒውተር ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። ሃርድ ዲስኩን ለሰዓታት ያሠራዋል፣ ፕሮሰሰሩን ያግለዋል፣ ብዙ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፣ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ውስጥ ውስጡን ሲያመው የከረመ ዕቃ እዚህ ላይ ይወድቃል። ዲስኩ የደከመ ከሆነ ዛሬ ፎርማት ተደርጎ ቢነሳልህ እንኳ ብዙም ሳይቆይ ተሸክመኸው ትመለሳለህ። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ላስነሳው» ሳይሆን «ምን ጣለው» ነው።

የምጽፈው በስልክ ለሚደውልልኝ ሰው እንደማስረዳው ነው። አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የድሬ ሰው ከአንቱታ ጋር ብዙም አይተዋወቅም። እህቶቼ፣ ለራሳችሁ አዙራችሁ አንብቡት።

ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው?

ስክሪኑ ላይ «30 ፐርሰንት» ይላል። ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ አሁንም 30 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ቁልፉን ተጭኖ የሚያጠፋው። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከር ነው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን እሱ ግማሽ ቀን ሊወስድበት ይችላል። ፐርሰንቱን አትመን። መብራቱን እይ። አብዛኞቹ አሮጌ ማሽኖች ላይ የሲሊንደር ምልክት ያለባት ትንሽ የሃርድ ዲስክ መብራት አለች። ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ ሥራ ላይ ነው፣ ተወው። መብራት ከሌለው ጆሮህን ላፕቶፑ ላይ አስጠጋ፤ የሚሠራ ዲስክ ቀጭን ድምፅ አለው። መብራቷ ሙሉ በሙሉ ጠፍታ ድምፅም ሳይኖር ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ፣ ያኔ ቆሟል ማለት ትችላለህ። የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ አጥፋው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ስክሪኑ ለውጦቹን ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው የሚል መልእክት ካሳየህ ፈጽሞ አትንካው። አፕዴቱ አልተሳካለትም፣ አሁን ራሱን እያዳነ ነው። ያንን ማቋረጥ ሁለተኛ ስብራት ነው።

መብራት፣ ሙቀት፣ የተረሳ ፍላሽ

ከሶፍትዌሩ በፊት ቀላል ቀላሉን እንጨርስ።

እኛ ሀገር ግማሹ ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል። ሰው ቻርጀር ሰክቶ እንደ ዴስክቶፕ ይጠቀምበታል። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አምፖሉ ምንም አይሆንም፣ ላፕቶፑ ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያ ቅጽበት የአፕዴት መሀል ላይ ከሆነ የዊንዶውስ ፋይሎች ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ጥገና ከመጀመርህ በፊት የማይቋረጥ መብራት ፈልግ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ያለው ጎረቤት ጋ ይዘኸው ሂድ። ላፕቶፕ ከሆነ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ሰው ባትሪ ተዋስ። ጥገናውም እንደ አፕዴቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ነገሩ ይብሳል።

ሙቀት ሌላው ነው። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በአቧራ የታፈነ ፋን ምን ሊያደርግ ይችላል? ኮምፒውተሩ በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን በድንገት ይጠፋል። ሥራ ሳይበዛበት ደህና ሆኖ ከባድ ሥራ ሲጀምር ድርግም የሚል ከሆነ ሙቀትን ጠርጥር። ላፕቶፑን አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ላይ አታስቀምጥ። የአየር መውጫውን በብሩሽ ጥረግ። በማለዳ ወይም ማታ ሥራበት።

ከዚያ የሰካኸውን ሁሉ ንቀል። ፕሪንተር፣ ሞደም፣ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም» ይላል ተብሎ ተሸክመው ካመጡልኝ ማሽኖች አንዳንዱ ጀርባው ላይ ፍላሽ ተረስቶበት ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ሲስተም ይፈልጋል፣ ሲያጣ ጨርሶ የለም ይላል። ፍላሹን ነቅለህ ስታበራው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ጥቁር ስክሪን ሆኖ «ቲት ቲት» የሚል ከሆነ ራሙን (የሜሞሪውን ካርድ) አውጥተህ ወርቅማውን ጫፍ በእርሳስ ላጲስ ጥረገው፣ በንጹሕ ጨርቅ አራግፈህ መልሰህ ግጥም አድርገህ ሰካው። ይሄንን ስታደርግ ቻርጀሩም ባትሪውም መነቀል አለበት።

የሁለት ሺህ ምናምኗ ባትሪ

ይሄኛውን ጠበቅ አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ሰው በከንቱ ሃርድ ዲስክ የሚቀይርበት ነውና።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 የምትባል፣ 3 ቮልት። ኮምፒውተሩ ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብሩን የምትይዝለት እሷ ናት። ከዓመታት በኋላ ትደክማለች። ስትደክም ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል።

አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ሴት ዴስክቶፗን አመጣችልኝ። ማታ አፕዴት ሲያደርግ ትታው ሄዳለች፣ ሌሊት መብራት ጠፍቷል፣ ጠዋት ሰማያዊ ስክሪን። ጽሑፉ ቡት የሚደረግበት ዲስክ አልተገኘም የሚል ዓይነት ነው። ሌላ ቤት አሳይታ ዲስኩ ሞቷል ተብላለች። ባዮስ ውስጥ ገባሁ። ቀኑን ሳይ ማዘርቦርዱ ከተሠራበት ዘመን ጀምሯል። ሳታ ሞድ (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) የሚለው መስመር ላይ ደግሞ አይዲኢ ይላል። ዊንዶውሱ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው ሞድ ነበር። ባዮሱ ራሱን ሲመልስ ሞዱም አብሮ ተቀይሯል፣ ዊንዶውሱ ዲስኩን በማያውቀው መንገድ ሲያገኘው ደነገጠ። ወደ ኤኤችሲአይ መለስኩት፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ አዲስ ባትሪ ከተትኩ። ተነሳ። አፕዴቱም ቀሪውን ጨረሰ። ዲስኩ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

አንተም እንዲህ አድርግ። ማሽኑን ስታበራ ኤፍ 2ን (ዴልና ቶሺባ ላይ) ወይም ኤፍ 10ን (ኤችፒ ላይ) ደጋግመህ ተጫን። ቀኑን እይ። የተሳሳተ ከሆነ ባትሪዋ አልቃለች። ሳታ ሞዱ ምን እንደሚል በስልክህ ፎቶ አንሳና ወደ ሌላኛው ቀይረህ ሞክር። ካልተነሳ ፎቶውን አይተህ ወደነበረበት መልሰው። የተሳሳተ ቀን ሌላም ጣጣ አለው፦ ድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬታቸው ጊዜው አልደረሰም ወይም አልፏል ብለው አይከፈቱም፣ አፕዴትም ማውረድ ያቅተዋል።

ዳታህን አውጣ

አሁንም አልተነሳም እንበል። ከዚህ በኋላ ለምትነካው ነገር ሁሉ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ መጀመሪያ ዳታህ ይውጣ። ዊንዶውሱ አልነሳም ማለት ፋይሎችህ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። በሩ ነው የተበላሸው፣ ዕቃው ቤት ውስጥ ነው።

የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንትን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሲስተም ነው) በነፃ አውርድ። ፋይሉ ወደ 3 ጂቢ ስለሚጠጋ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል። ሩፈስ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ጫነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሰርግ ፎቶ ያለበትን አትስጠኝ። ፍላሹን የታመመው ማሽን ላይ ሰክተህ ስታበራ የቡት ሜኑ (ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበት) ቁልፉን ተጫን፦ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ በብዛት ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9። ፍላሹን ምረጥ። ሊኑክሱ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስክህን ሳይነካ። ዴስክቶፑ ላይ ጫን የሚል ምልክት ታያለህ፤ እሱን አትክፈተው።

ከዚያ የፋይል ማህደሩን ከፍተህ ዲስክህን ትነካለህ። ዊንዶውሱ በደንብ ሳይጠፋ ከቀረ ሊኑክሱ «አነባለሁ እንጂ አልጽፍበትም» ሊልህ ይችላል። ምንም አይደል፣ የምንፈልገው ማንበብ ነው። ቁልፍ አምጣ ካለህ ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ነው። ባለ 48 አሃዝ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ፈልግ።

አሁን ፋይሎችህን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ኮፒ አድርግ። ዶክመንት፣ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድ፣ ፎቶ፤ ይሄን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሱት ሌሎች ናቸው። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆንክ የፒችትሪ ዳታ ፎልደርህ ዶክመንት ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ከሲ ድራይቭ ሥር ጀምረህ ፈልገው። በቴሌግራም የመጣ ፋይል የራሱ ፎልደር አለው፤ ብዙ ጊዜ ዳውንሎድ ውስጥ ነው።

ጽሕፈት ለሚሠሩ ደግሞ ልዩ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርግ። ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል አሠራር) ከመለመዱ በፊት በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች አሁንም ብዙ ናቸው፤ ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። እነዚያ ፎንቶች ፊደሉን ያስቀመጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት የሚታይህ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ነው። ሰው ፋይሉ በቫይረስ የተበላ ይመስለዋል። ፎንቱን ስትመልስለት እንደ ድሮው ቁጭ ይላል። የአንዳንዱን ፎንት ሲዲ ዛሬ ከየትም ማግኘት ስለማትችል ነው እንዲህ የምጎተጉተው።

ኮፒው እየሄደ ሳለ ስለ ዲስኩ ጤና እንጠይቅ። ሚንት ውስጥ ዲስክስ የሚል ፕሮግራም አለ። ዲስኩን መርጠህ ከሜኑው ስማርት ዳታን ክፈት። የሞቱና የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች)፣ ሊሞቱ ወረፋ የያዙትንም በቁጥር ያሳይሃል። ወረፋ የያዙት ከዜሮ በላይ ከሆኑ ተጠያቂው ተገኘ። አፕዴቱ ንጹሕ ነው። ኮፒህን ጨርስና ዲስኩን ቀይር። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ እዚያው አጥፋው፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ከዳታህ ላይ ነው የምትቆረጠው።

ሰማያዊው ሜኑ

ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ዳታህም ወጥቷል። አሁን በልበ ሙሉነት እንሥራ።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ለመነሳት ሁለት ጊዜ ተከታትለው ካልቻሉ በሦስተኛው ሰማያዊ የጥገና ሜኑ ያወጣሉ። ራሱ ካላወጣ አንተ አስገድደው፦ አብራው፣ የዊንዶውሱ ምልክት ሲመጣ ቁልፉን ተጭነህ አጥፋው፣ ይሄንን ሁለቴ አድርግ። በሦስተኛው ተወው። ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ግባ።

እዚያ ስታርታፕ ሪፔር የሚለውን አንዴ ሞክረው። ካልሆነለት ደጋግመህ አትልመነው። ቀጥለህ አንኢንስቶል አፕዴትስ (የተጫነ አፕዴት ማስወገጃ) ግባ። ሁለት ምርጫ አለ። ኳሊቲ አፕዴት የሚለው በየወሩ የሚመጣው ትንሹ ነው። ፊቸር አፕዴት የሚለው የዊንዶውሱን ቨርዥን የሚቀይረው ትልቁ ነው። ማታ ጭኖ ጠዋት ያልተነሳ ማሽን ላይ መጀመሪያ ትንሹን አስወግድ። ትልቁን ለማስወገድ ያለህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱ የድሮውን ፋይል ያጠፋዋል። «ለበዓል ሄጄ ስመለስ አየዋለሁ» ብሎ የሚተወው ሰው ይሄን ይወቅ።

ያም እምቢ ካለ ሲስተም ሪስቶር። ሰነድህን አይነካም፣ ከተመለስክበት ቀን በኋላ የጫንካቸውን ፕሮግራሞች ግን ያስወግዳል። ሪሴት ዚስ ፒሲ የሚለው ላይ «ፋይሎቼን አቆይ» ስለሚል ሰው ይወደዋል። ፋይል ያቆያል፣ እውነት ነው፤ የጫንካቸውን ፕሮግራሞች ግን ይጠርጋል። ፒችትሪህ ይሄዳል፣ የግዕዝ ሶፍትዌርህ ይሄዳል፣ የድሮው ፕሪንተር ድራይቨር ይሄዳል። መጫኛቸው እጅህ ላይ ከሌለ አትንካው።

ኮማንድ ፕሮምፕት ለሚደፍር ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። አንደኛ፣ እዚህ ሜኑ ውስጥ የድራይቭ ፊደሎች ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሲ የምትለው ዲ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ስለዚህ ዲ፣ አይ፣ አር ብለህ፣ ክፍት ቦታ ትተህ፣ የድራይቩን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር ጻፍና ዊንዶውስና ዩዘርስ የሚሉ ፎልደሮች የት እንዳሉ እይ። ከዚያ ሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ብለህ፣ ክፍት ቦታ፣ ያገኘኸውን ድራይቭ፣ ክፍት ቦታ፣ / ምልክትና ኤፍ። ይሄ የፋይል አቀማመጡን ያስተካክላል። መብራት ጠፍቶበት ለወደቀ ማሽን ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ዲስም የሚባለው መሣሪያ ሪቨርት ፔንዲንግ አክሽንስ የሚል ትዕዛዝ አለው። በጅምር የቀረውን አፕዴት ይሰርዘዋል። ከዚሁ የጥገና ሜኑ ውስጥ ሆነህ፣ ትክክለኛውን ድራይቭ ጠቅሰህ ብቻ ነው የምትጠቀምበት። «አፕዴቱን እያዘጋጀሁ ነው» እያለ ሲሽከረከር ለሚውል ማሽን ከፎርማት በፊት የምሞክረው የመጨረሻ ነገር እሱ ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የማውስ ቀስት ብቻ ከታየህ ግን ይሄ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። አሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫን። ካልሆነ ከሰማያዊው ሜኑ ስታርታፕ ሴቲንግስ ገብተህ ሪስታርት አድርግና 4 ቁጥርን ተጫን፤ ሴፍ ሞድ ነው፣ ዊንዶውሱ በግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የግራፊክሱን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መልስ።

አፕዴቱ ብቻ እምቢ ሲል

ሁሉም የከሸፈ አፕዴት ጥገና አይፈልግም። ማሽኑ ደህና እየሠራ አፕዴቱ ብቻ አልጫን ካለ የስህተት ቁጥሩን አንብብ። በ80070070 የሚያልቅ ከሆነ ቦታ የለህም። ትልቁ አፕዴት 20 ጂቢ ያህል ክፍት ቦታ ቢያገኝ ነው በሰላም የሚሠራው። በ80070643 የሚያልቀው ብዙ ሰው አስጨንቋል፦ ጥር 2024 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ላይ የሪከቨሪ ክፍሉ (ዲስኩ ላይ ለጥገና ሜኑው የተለየው ቦታ) ጠባብ የሆነባቸው ማሽኖች ሁሉ ያንን ያወጡ ነበር። ክፍሉ 250 ሜጋ ባይት ተጨማሪ ነፃ ቦታ ይፈልግ ነበር። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ለዚህ ብሎ ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ፎርማት አድርጎም ያው ቁጥር መጣበት።

አፕዴቱ ወርዶ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሴፍ ሞድ ውስጥ ሆነህ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን የሚል ፎልደር ስሙን ቀይረው። ዊንዶውሱ አዲስ ይሠራና እንደገና ያወርዳል። ያወርዳል ስልህ ጊጋዎች ነው፤ ከስልክህ ፓኬጅ ላይ እንዳይሆን።

ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ፦ ክራክ፣ ያለ ፈቃድ የተሰበረ ሶፍትዌር። ከመንገድ ፍላሽ ላይ የተጫነ፣ «ቀላል ነው» ተብሎ ግማሽ አካሉ የተቆረጠ ዊንዶውስ አፕዴት ሊቀበል አይችልም፤ የሚፈልገው ክፍል ውስጡ የለም። አክቲቬተር የሚባሉትም የሲስተም ፋይል ይነካካሉ። እንዲህ ዓይነቱን እየጠገኑ መኖር አይቻልም፣ ንጹሑን ከማይክሮሶፍት አውርዶ መጫን ነው። ለዚህኛው ፎርማት እሺ እላለሁ።

ከተነሳ በኋላ

ተነሳ? ወዲያው አፕዴት አትጫን። አፕዴቱን ለጊዜው አቁም፤ ዊንዶውስ እስከ 35 ቀን ድረስ ይፈቅዳል። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀም ከሆነ ኔትወርኩን ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠር) ብለህ መዝግበው፣ አብዛኛውን አፕዴት ሳትፈቅድለት አያወርድም። ዲስክ ክሊንአፕ አሠራ። አማርኛህ ከተዘባረቀም አትደንግጥ፦ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ፎንት በነባሪ አይመጣም። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብተህ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን አክል።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት አፕዴትም በምዝገባ ሆኖ እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነም ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። አሸዋና ቀፊራ አካባቢ የሚዞረው ብዙው አሮጌ ላፕቶፕ እዚያ አይደርስም። በዘዴ ይጫናል የሚሉህ እውነት ነው፣ ይጫናል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት አረጋግጣለሁ አይልም። ፕሮሰሰሩ የድሮው ኮር ቱ ዱዎ ከሆነ ደግሞ ተወው፤ 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ቨርዥን ፕሮሰሰሩ የሌለውን ትዕዛዝ ስለሚፈልግ ጨርሶ አይነሳም።

የኔ ምክር እንደ ሥራህ ነው። ኮምፒውተሩ ለፒችትሪና ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ ኢንተርኔቱን ነቅለህ ባለበት አቆየው፤ ፍላሽ ስትቀበል ግን ስካን አድርግ። ኢንተርኔት፣ ኢሜይልና ባንክ የምትነካበት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ጫንበት። በ4 ጂቢ ራም ጥሩ ይሄዳል፣ አማርኛም ይጻፍበታል፤ ኪቦርዱን ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ስጠው እንጂ። በሁለቱም መንገድ፣ ብር ካለህ በመጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዛ። አሮጌ ማሽን ላይ ከራምም ከምንም በላይ ለውጥ የሚታየው በእሱ ነው። አፕዴቱም ግማሽ ቀን መፍጀቱን ያቆማል።

እጅህ ካልሠራ ወደ ጠጋኝ ውሰደው፤ ግን ባዶህን አትሂድ። የስህተት ጽሑፉን ፎቶ አንሳ። ሲቆም መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ የሚለውን አስታውስ። «ሳትጠይቀኝ ፎርማት እንዳታደርግ» በለው። ፎርማት ግድ ከሆነም ዳታው የተገለበጠበትን ቦታ ክፈትና ሁለት ሦስት ፋይል ራስህ አይተህ ፍቀድለት። ዲስክ ከቀየረልህ አሮጌውን ተቀበል፤ ውስጡ ያንተ ወረቀት አለ። እኔ ጋ ከመጣህ ከ6 እስከ 9 ሰዓት አትልፋ፣ በዚያ ሙቀት ድሬ ተዘግታ ነው የምታገኛት። ቻርጀሩንም ይዘህ ና፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለ ቻርጀር የሚያመጡልኝ ሰዎች ቁጥራቸው አልቀነሰም።